እብነ በረድና ብርሃን፦ በ1851 የለንደን ዐውደ ርእይ ሐውልቶች በካሜራ ፊት

ክቡራትና ክቡራን፤

ፎቶግራፍ ገና ጨቅላ በነበረበት ዘመን ካሜራ ፊት ያለ ችግር የሚቆም ነገር ቢኖር ሐውልት ነው የሚል እምነት ነበር። ሐውልት አይንቀሳቀስም፣ አይደክምም፣ ዐይኑን አያርገበግብም፤ እብነ በረድ ወይም ጄሶ ከሆነም ነጭ ስለሆነ ብርሃንን በደንብ ይመልሳል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ለመረዳት በ1851 በለንደን ከተማ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከተከፈተው ታላቅ ዐውደ ርእይ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እያሳሰብሁ፣ በዚያ ዐውደ ርእይ የቆሙት ሐውልቶች እንዴት ፎቶግራፍ እንደ ተነሡ፣ አንሺዎቹ ብርሃኑን፣ ማዕዘኑንና ከኋላ የሚታየውን ሲመርጡ ሐውልቱ ለኋላ ትውልድ ምን መስሎ እንደሚቀር ምን ያህል እንደ ወሰኑ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዐውደ ርእዩ በፊት ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፈጠራ ሥራውን በ1839 ለሕዝብ ከማስታወቁ በፊት ካነሣቸው ቀደምት ምስሎች መካከል በመስኮት ብርሃን አጠገብ የተደረደሩ የጄሶ ቅጂዎች ይገኙበታል። የአገሩ ልጅ ኢፖሊት ባያርም ትናንሽ የጄሶ ሐውልቶችን እየደረደረ፣ አሰላለፋቸውን እየለዋወጠ ደጋግሞ አንሥቷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ደግሞ የፓትሮክለስ ይባል የነበረ የአንድ ጢማም ጀግና ደረት ሐውልት የጄሶ ቅጂ ነበረው፤ ይህን ቅጂ በላኮክ ርስቱ ውስጥ ከፊት፣ ከጎን፣ ከሦስት አራተኛ ማዕዘን፣ በተለያየ የፀሐይ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ አንሥቶታል። ሦስቱም ጄሶ የመረጡት ሌላ የሚያነሡት ነገር አጥተው አይደለም። በዚያን ጊዜ አንድ ምስል ለማውጣት ደቂቃዎች ያስፈልጉ ስለነበር ሕያው ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ እንዲቆም ማድረግ ከባድ ነበር፤ ጄሶ ግን ያለ ቅሬታ ይቆማል።

ታልቦት ከ1844 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሐውልት አነሣሥ የጻፈው ምክር ዛሬም ለማንኛውም ፎቶግራፍ አንሺ የሚጠቅም ነው። ሐውልቱን በቆመበት መደብ ላይ ጥቂት ማዞር ብቻ፣ ወይም ፀሐዩ ከሌላ አቅጣጫ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ፣ ከአንዱ ቅርጽ ቁጥር ስፍር የሌለው የተለያየ ምስል እንደሚያስገኝ ያስረዳል። ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ጥላውን እጅግ ስለሚያጠቁረው የሐውልቱን ከፊል ይውጠዋል፤ ስለዚህ ደመናማ ቀን መምረጥ፣ ያ ካልሆነ ደግሞ ከሐውልቱ በአንዱ ጎን፣ ጥቂት ራቅ አድርጎ ነጭ ጨርቅ መያዝና የፀሐዩን ብርሃን ወደ ጥላው መመለስ ይገባል ይላል። ዛሬ በየፎቶ ቤቱ ብርሃን ለመመለስ የሚያዘው ነጭ ሰሌዳ ሥራው ያው ነው።

ይህ ምክር ለምን እንደሚያስፈልግ ማስተዋል ተገቢ ነው። የሰው ፊት ሲነሣ የፀጉሩ ጥቁረት፣ የከንፈሩ ቀለም፣ የልብሱ ዐይነት ለተመልካቹ መልኩን ይነግሩታል፤ እብነ በረድ ግን ከራስ እስከ እግር አንድ ቀለም ነው። የጉንጩን እብጠት፣ የዐይኑን ጉድጓድ፣ የልብሱን እጥፋት ለተመልካቹ የሚያስረዳው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ብርሃኑ ከሁሉም ወገን እኩል ከመጣ ቀራጺው ዓመታት የደከመበት ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ታልቦት በገዛ ግቢው ሐውልቱን ማዞር፣ ፀሐዩን መጠበቅ፣ ጨርቁን ማስያዝ ይችል ነበር። በዐውደ ርእዩ ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ የማይታሰብ ነበር።

ዐውደ ርእዩ የተካሄደበት፣ በጆሴፍ ፓክስተን ንድፍ የተሠራው ክሪስታል ፓላስ የብረትና የመስታወት ሕንጻ ነበር፤ ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ 300,000 የሚጠጉ የመስታወት ሰሌዳዎች ለብሷል። በሜይ 1 ቀን ተከፍቶ በኦክቶበር እስኪዘጋ ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጉብኝት ተመዝግቦበታል። በውስጡ የቆዩት ታላላቅ የኤልም ዛፎች እንኳ ሳይቆረጡ በቅስቱ ጣሪያ ሥር ቀርተዋል። ሐውልቶቹ በዋናው መተላለፊያና በመሐል በሚያቋርጠው ክንፍ ግራና ቀኝ ተደርድረው ስለነበር፣ ወደ ማሽኖቹም ሆነ ወደ ሐሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ በመካከላቸው ያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አመዳደቡ አንድ ነገር ልበል። የሥዕል ሸራዎች ለውድድር እንዳይቀርቡ ሲወሰን ቅርጻ ቅርጽ ግን ተፈቅዶለት በ30ኛው ምድብ፣ በሥነ ጥበብ ስም ገባ። ፎቶግራፍ የተመደበው በ10ኛው ምድብ፣ ከሰዓቶች፣ ከሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ከቀዶ ሕክምና ዕቃዎችና ከሳይንስ መሣሪያዎች ጋር ነበር። ስለዚህ በሕንጻው ውስጥ ሐውልቱ ጥበብ፣ እሱን የሚያነሣው ደግሞ መሣሪያ ነበር። አዘጋጆቹ ፎቶግራፍ አንሺው ምርጫና ፍርድ የሚጠይቅ ሥራ እንደሚሠራ አላሰቡም፤ ምስሎቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ግን በእያንዳንዱ ውስጥ ያንን ፍርድ ያገኛል።

የመጀመሪያው ችግር ብርሃኑ ራሱ ነበር። በመስታወት ቤት ውስጥ ብርሃን ከላይም፣ ከግራም፣ ከቀኝም ይገባል፤ ሙቀቱንና ነጸብራቁን ለመቀነስ ጣሪያው ላይ የተዘረጋው ሸራ ደግሞ የሚገባውን ብርሃን ይበልጥ በትኖ ያለዝበዋል። ለጎብኚ ዐይን ይህ ደስ የሚል ነው፤ ለሐውልት ምስል ግን ጥላን የሚያጠፋ ነው። ሁለተኛው ችግር ከኋላ የሚታየው ነው። ከነጩ ሐውልት ጀርባ የብረት ዓምዶች፣ የሰገነት መከላከያዎች፣ የተሰቀሉ ምንጣፎችና የየአገሩ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ተደራርበው ይታያሉ፤ በሥፍራው የሚያልፍ ሰው ዐይኑ ሐውልቱን ከዚያ ሁሉ ይለየዋል፣ ሌንስ ግን ሁሉንም እኩል ያያል። ሐውልቱን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል የሚንቀሳቀሰው አንሺው ነበር፤ ካሜራውን ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ፣ ከጀርባው ጨለማ የሚውልበትን ማዕዘን ፈልጎ፣ የፀሐዩን ሰዓት ጠብቆ ማንሣት ነበረበት።

ሦስተኛው ችግር የቀለም ነው። የዘመኑ የብር ኬሚካሎች ሰማያዊና ነጭ ብርሃንን ቶሎ ሲቀበሉ ቢጫን፣ ቀይንና ቡኒን ግን እንደ ጨለማ ነበር የሚቆጥሩት። በዚህ የተነሣ እብነ በረድ ቶሎ ይነሣል፤ ነሐስ ግን ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ያም ሆኖ ዝርዝሩ በጥቁረቱ ውስጥ ይሰወራል። ከዐውደ ርእዩ ትላልቅ ሐውልቶች አንዱ የሆነውን፣ የጀርመናዊውን ቀራጺ የአውጉስት ኪስን «አማዞን» እንመልከት። ሐውልቱ በግሪክ ተረት የምትታወቅ አንዲት ጦረኛ ሴት ፈረሷን ካጠቃው አውሬ ጋር ስትታገል ያሳያል፤ ሴቲቱ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ሆና ጦሯን ወደ ኋላ ስባለች፤ አውሬው የፈረሱን አንገት በጥፍሮቹ ጨብጦ ተንጠልጥሏል፤ ፈረሱ ጆሮዎቹን አጥፎ አፉን ከፍቷል። ወደ ለንደን የመጣው በዚንክ የተቀለጠና የነሐስ ቀለም የተቀባ ቅጂ ነበር። ይህን ከፊት ለፊት የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው የጠቆረ ክምር ነው፤ ጦሩ፣ አንገቱና የአውሬው ጀርባ ተለይተው እንዲታዩ ከጎን ቆሞ፣ ብሩህ የሆነውን የሕንጻውን ክፍል ከኋላ አድርጎ የውጭ ቅርጹን ማግኘት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን የሐውልቱ ጉልበት በጥላ ቅርጹ ይተርፋል፤ የፊቷ አገላለጽ ግን ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ምስል ማግኘት በዚያ ዘመን ኬሚካል የሚቻል አልነበረም፤ አንሺው አንዱን ለሌላው መሠዋት ነበረበት።

በተቃራኒው የአሜሪካዊው የሂራም ፓወርስ «ግሪካዊቷ ባሪያ» ለካሜራ የተሠራች ትመስላለች። ፍሎረንስ ውስጥ ከእብነ በረድ የተቀረጸች፣ እጆቿ በሰንሰለት የታሰሩ ራቁቷን የቆመች ወጣት ናት፤ ታሪኩ በኦቶማን ቱርኮች ተማርካ ለገበያ ስለቀረበች ግሪካዊት ክርስቲያን ነው። በአሜሪካ ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር መደብ ላይ፣ በቀይ ከፋይ ድንኳን ሥር አቆሟት። አሁን የተናገርሁትን የቀለም ጠባይ ልብ በሉ፤ ቀዩ ከፋይ በካሜራ ፊት ጥቁር ስለሚሆን ነጩ ገላ ከጀርባው ተለይቶ ይወጣል። ሌሎቹን ሐውልቶች ያስቸገረው የጀርባ ውጥንቅጥ በእሷ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ዝናዋ እንዲህ የተስፋፋው በታሪኳና በዕርቃኗ ምክንያት ቢሆንም፣ ምስሏ በቀላሉ መባዛት መቻሉም ድርሻ እንደ ነበረው አምናለሁ።

ነገር ግን በዚህች ሐውልት ፊት የሆነ አንድ ታላቅ ነገር ካሜራ ያላስቀረው አለ። በ1851 አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች በባርነት ይሸጡና ይለወጡ ነበር፤ ያችው አገር ግን ለዓለም ያቀረበችው የባርነት ምስል በቱርኮች እጅ የወደቀች ነጭ ሴት ነበረች። «ፓንች» የተባለው የለንደን መጽሔት በጆን ቴኒየል እጅ የተሣለ፣ በሰንሰለት የታሰረች ጥቁር ሴት በመደብ ላይ የቆመችበትን «የቨርጂኒያ ባሪያ» የሚል ሥዕል አወጣ። ቀደም ሲል ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው እንግሊዝ የገቡት ዊልያም ዌልስ ብራውን፣ ዊልያም ክራፍትና ባለቤቱ ኤለን ክራፍት በጁን ወር ከእንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው በሕዝቡ መካከል ዐውደ ርእዩን ዞሩ፤ ብራውንም ያንን ሥዕል በሐውልቷ አጠገብ አኑሮ፣ ለግሪካዊቷ ተገቢ ጓደኛዋ ይህችው ናት ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ይህን የምናውቀው በጽሑፍ ነው። ደቂቃዎች በሚፈጅ ምስል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አሻራ አይተውም፤ ስለዚህ በምስሎቹ ውስጥ ሐውልቷ ብቻዋን፣ በጸጥታ፣ ከክርክሩ ሁሉ ተለይታ ትታያለች። የዐውደ ርእዩን ፎቶግራፎች ሳጠና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ እብነ በረዱ በዝርዝር ሲቀር፣ ከፊቱ ቆመው የተከራከሩት በገዛ አካላቸው የባርነትን ሰንሰለት የሚያውቁ ሰዎች አልቀሩም።

በዐውደ ርእዩ ጊዜ ምስሎቹ የሚወጡባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ነበሩ። ዳጌሮታይፕ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ዝርዝሩ እጅግ የጠራ ምስል ሲሆን ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት፤ አንዱ ቅጂ የሌለው መሆኑ፣ ሌላው ግራና ቀኙን መገልበጡ ነው። ቀኝ እጁን ያነሣ ጀግና በዳጌሮታይፕ ላይ ግራ እጁን ያነሣ ይመስላል። የሚያስገርመው ግን፣ የሪቻርድ ቢርድና የጆን ሜያል ዳጌሮታይፖች ለመጽሐፍ ሥዕል መነሻ ሲሆኑ፣ ጠራቢው የተገለበጠውን ምስል እንዳለ ወደ ብረት ሰሌዳ ቢያዛውረው በኅትመት ጊዜ እንደገና ስለሚገለበጥ ሐውልቱ ወደ ትክክለኛ አቋሙ ይመለሳል። አብዛኛው ሕዝብ የዐውደ ርእዩን ሐውልቶች ያወቀው በእንዲህ ዐይነቱ፣ ከፎቶግራፍ ተነሥቶ በጠራቢ እጅ ባለፈ ሥዕል ነው፤ ጠራቢውም የጠቆረውን እያነጣ፣ ያልታየውን እየሞላ፣ የራሱን ድርሻ ይጨምርበት ነበር።

ሌላው መንገድ ስቴሪዮስኮፕ ነው። ፓሪሳዊው ዡል ዱቦስክ በዴቪድ ብሩስተር ንድፍ የሠራውን ባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ በዐውደ ርእዩ አቅርቦ ንግሥት ቪክቶሪያን አስደንቋል። በጥቂቱ ከተለያዩ ሁለት ቦታዎች የተነሡ ሁለት ምስሎች፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ ዐይን ሲቀርቡ፣ ነገሩ ጥልቀት ያለው ሆኖ ይታያል። ይህ መሣሪያ ከማንም በላይ የሐውልት ወዳጅ ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ከብርሃንና ከጥላ በቀር ሌላ ምስክር ያልነበረው ቅርጽ አሁን ርቀቱንና ቅርበቱን በቀጥታ ለዐይን መናገር ቻለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን የተሠራው ለዳኞቹ ሪፖርት ነው። የዐውደ ርእዩ ዳኞች ያቀረቡት ሪፖርት በ1852 ሲታተም፣ ለንግሥቲቱ፣ ለመንግሥታትና ለታላላቅ ሰዎች በስጦታ እንዲሰጥ የተዘጋጀው ልዩ እትም በአራት ጥራዝ ሆኖ ከ150 በላይ እውነተኛ ፎቶግራፎች ተለጥፈውበታል። አንሺዎቹ የብሪስቶሉ ሂዩ ኦወንና የፓሪሱ ክሎድ ማሪ ፌሪዬ ነበሩ። ኦወን የተጠቀመው በወረቀት ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃኑና ጥላው ተገልብጦ በሚታይበትና ቅጂ በሚወጣበት የወረቀት ምስል ሲሆን፣ የወረቀቱ ጭረት በኅትመቱ ላይ ስለሚያልፍ ምስሉ ለስለስ፣ ደብዘዝ ይላል፤ ፌሪዬ ደግሞ በእንቁላል ነጭ የተለበጠ የመስታወት ኔጋቲቭ ስለተጠቀመ የሐውልቱ ጠርዝ እንደ ምላጭ የሰላ ነው፣ ዋጋው ግን የበለጠ ጊዜ መፍጀቱ ነበር። ለማሽን የፌሪዬን መንገድ እመርጣለሁ፤ ለእብነ በረድ ግን የወረቀቱ ለስላሳነት ከድንጋዩ ቆዳ ጋር ይስማማል የሚል አስተያየት አለኝ።

የኅትመቱን ሥራ የመራው ቀድሞ የታልቦት አገልጋይ የነበረው፣ በኋላ በለንደን የራሱን የፎቶግራፍ ድርጅት ያቋቋመው ሆላንዳዊው ኒኮላስ ሄነማን ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በእጅ ነበር የሚሠራው። ጥሩ ወረቀት በጨው ውሃ ይነከራል፤ ይደርቃል፤ የብር ናይትሬት ይቀባል፤ ከኔጋቲቩ ሥር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይወጣል፤ ቡኒ ወይም ሐምራዊ መልክ ሲያወጣ ገብቶ በኬሚካል እንዲጸና ይደረጋል፤ በመጨረሻም ለረጅም ሰዓት ይታጠባል። ለጠቅላላው እትም በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች በእንግሊዝ ደመናማ ሰማይ ሥር ማውጣት ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። የአጸናኙ ኬሚካል ቅሪት በሚገባ ካልታጠበ ምስሉ ከጠርዙ ጀምሮ እየገረጣ ይሄዳል፤ ዛሬ በቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት ጥራዞች ውስጥም የአንዱ ገጽ እንደ ትናንት ብሩህ ሆኖ ሲታይ፣ የሌላው ገጽ ሐውልት ቢጫ ጉም ውስጥ የገባ ይመስላል።

ስለዚህ ዘመን ሲነገር ፍሬደሪክ ስኮት አርቸርን ሳያነሡ ማለፍ በደል ነው። አርቸር በሙያው ቀራጺ ነበር፤ ካሜራ የያዘውም ደረት ሐውልት ለሚቀርጽላቸው ሰዎች የፊታቸው ምስል እንዲኖረው ብሎ ነው። የወረቀት ኔጋቲቩ ሻካራነት ለቀራጺ ዐይኑ አልበቃ ስላለው በመስታወት ላይ ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ በማፍሰስ ከወረቀቱ የፈጠነና የጠራ ዘዴ አገኘ፤ በዐውደ ርእዩ ዓመት፣ በማርች 1851፣ ዘዴውን በመጽሔት ላይ ለሁሉም በነጻ ገለጠው። ለዐውደ ርእዩ ሥራ እንዲዳረስ ጊዜው አጭር ቢሆንም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀድሞ የነበሩትን መንገዶች ሁሉ ተካ። የባለቤትነት መብት ሳይጠይቅበት በ1857 በድህነት ሞተ። የቅርጽን ረቂቅነት የሚያውቅ እጅ ፎቶግራፍን እንዲህ መለወጡ የሁለቱን ጥበቦች ዝምድና ከማንኛውም ትንታኔ ይበልጥ ያሳያል።

ክሪስታል ፓላስ ፈርሶ በሲደንሃም ሰፋ ተደርጎ እንደገና ሲሠራና በ1854 ሲከፈት፣ ፊሊፕ ሄንሪ ደላሞት ሕንጻው ሲነሣ፣ የጄሶ ቅጂዎችም በየአዳራሹ ሲተከሉ ደረጃ በደረጃ በኮሎዲዮን አንሥቷል። ያ ሕንጻ በኖቬምበር 30 ቀን 1936 ተቃጥሏል። በውስጡ የነበሩት አብዛኞቹ ቅጂዎችም አብረው ስለጠፉ፣ የትኛው ሐውልት የት እንደ ቆመ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬ የሚሄደው ወደ እነዚህ ምስሎች ነው።

በ1862 ለንደን ሁለተኛውን ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ስታዘጋጅ ሁኔታው ተለውጦ ነበር። የማንሣት መብቱን ለንደን ስቴሪዮስኮፒክ ኩባንያ ብቻውን ይዞት ስለነበር ሐውልቶቹ በጥንድ ምስል እየታተሙ እንደ ሸቀጥ ይሸጡ ነበር። ከታዩት መካከል የጆን ጊብሰን ቬነስ አለች፤ ጊብሰን የጥንት ግሪኮች ሐውልታቸውን ቀለም ይቀቡ እንደ ነበር በማመን ገላዋን ለስላሳ የቆዳ መልክ፣ ፀጉሯን ወርቃማ፣ ዐይኖቿን ሰማያዊ አድርጎ ቀብቷት ነበር። ነጭ እብነ በረድ ብቻ ንጹሕ ጥበብ ነው ብለው ባደጉ ተመልካቾች ዘንድ ይህ ብዙ አከራከረ። የዘመኑ ካሜራ ግን ቀለሙን ማስቀረት አይችልም ነበር፤ በስቴሪዮስኮፕ ካርዱ ላይ የገላዋ ቀለም ግራጫ ሆኖ ይጠፋል፣ ቬነስም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀለም አልባ ትሆናለች። ካርዱን በቤቱ ሆኖ የተመለከተ ሰው፣ በአዳራሹ ውስጥ ጊብሰንን የሚያወግዙትና የሚደግፉት ስለምን እንደሚከራከሩ ከምስሉ ሊረዳ አይችልም ነበር። ፎቶግራፍ በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የሐውልትን ቅርጽ በመላው ዓለም ሲያሰራጭ፣ ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ በተፈጥሮው ቀለም አልባ ነው የሚለውን አስተሳሰብም አብሮ እንዳሰራጨ በበኩሌ እርግጠኛ ነኝ፤ የጥንቶቹ ሐውልቶች ባለ ቀለም እንደ ነበሩ ለማስረዳት የሚደክሙ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ከሚታገሏቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።